ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው፦ ካሮት፣ ኳርትዝና የሲጋራ ቀለበት ያሉበት ሰዓት

ዲጂታል የእጅ ሰዓት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ላይ የሚመጣው ይኸው ነው፦ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ሦስት ቁልፍ፣ በመስታወቱ ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ መስመር። ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው ገበያ ላይ የዋለው በ1989 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ መልኩን ሳይቀይር እስከ ዛሬ ይመረታል። ክብደቱ 21 ግራም፣ ውፍረቱ 8.5 ሚሊሜትር ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ሻጩና እንደ ምንዛሪው ይለያያል፣ ከእሱ ጎን የተደረደረው ፎርጅድ ደግሞ ከኦሪጅናሉ ይበዛል።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ሰዓት የሚፈልገው ሰዓቱን ለማወቅ የሆነ ሰው በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። መብራቱ ደካማ ነው፣ ማሰሪያው ዕድሜ የለውም፣ ለዋናም አይሆንም። በሰዓት አቆጣጠሩና በባትሪው ግን በመቶ እጥፍ ዋጋ የሚሸጡ ሰዓቶችን ያስንቃል። እንዴት እዚህ ደረጃ እንደ ደረሰ የሚያስረዳው ታሪክ ደግሞ ለማመን ይከብዳል። አብዛኛውን የተሠራበትን ነገር ያገኙት ሰዎች ሰዓት ጭራሽ በሐሳባቸው አልነበረም። ታሪኩን ያወቀ ሰው ሰዓቱን በደንብ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ እናያለን።

ከኳርትዙ እንጀምር። የጀርባውን ክዳን ለፈታ ሰው ጥቂት ሚሊሜትር የምትረዝም የብረት ቱቦ ትታየዋለች። በውስጧ አየሩ ተመጥጦ የወጣበት ባዶ ቦታ አለ፤ እዚያም ሁለት ጣት ያለው ሹካ ሆኖ የተቀረጸ ኳርትዝ ተቀምጧል። ኳርትዝ ከአብዛኛው አሸዋ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሲሊኮንና ኦክስጅን። ሹካው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ቁጥሩ እንዲሁ አልተመረጠም። 2ን 15 ጊዜ እርስ በርሱ ብናባዛው የምናገኘው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሰርኩዩቱ ርግብግቢቱን 15 ጊዜ ለሁለት እየከፈለ ይወርድና መጨረሻ ላይ በሰከንድ አንድ ምት ብቻ ይቀረዋል። የሚቆጥረው እሷን ነው።

ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጣ ያገኙት ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ ናቸው፣ በ1880፣ ፓሪስ ውስጥ። ያን ጊዜ ፒየር ገና 21 ዓመቱ ነበር። የኋላ ባለቤቱ ማሪ ኩሪ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችን የለካችው ወንድማማቾቹ በኳርትዝ በሠሩት መለኪያ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫ የኳርትዝ ሳህን በባሕር ውስጥ ድምፅ እንዲለቅ አድርጎ ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ ተጠቀመበት። ለሰዓት ያዋለው ዋረን ማሪሰን ነው፤ በ1927 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን የኳርትዝ ሰዓት ሲሠራም ሊቁ የተቀጠረው የስልክና የሬዲዮ ሞገድን በትክክል ለመለካት ነበር። ሰዓቱ እንደ ቁም ሣጥን ግዙፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው፦ በ1930ዎቹ በርሊን ውስጥ አዶልፍ ሻይበና ኡዶ አደልስበርገር የሠሯቸው የኳርትዝ ሰዓቶች ምድር በራሷ ዛቢያ የምትዞርበት ፍጥነት ከወቅት ወቅት በጥቂቱ እንደሚለዋወጥ አጋለጡ። የሰው ልጅ ሰዓቱን ሁሉ ያስተካክል የነበረው በምድር ዙረት ነው፤ እነዚህ ሰዓቶች ግን ምድርን ራሷን የሚያርሙ ሆኑ።

ይህን ሁሉ በእጅ አንጓ ላይ ለማኖር ሌላ 40 ዓመት ወሰደ። የጃፓኑ ሴኮ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለሽያጭ ያቀረበው በ1969 በገና ዕለት ነው። ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በዘመኑ ትንሽ መኪና የሚገዛ ገንዘብ። የሚገርመው ግን ስዊዞች መቅደማቸው ነው። ኑሻቴል ያለው የኤሌክትሮኒክ ሰዓት ምርምር ማእከላቸው በ1967 የሚሠራ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ናሙና ነበረው። አገሩ የሚኮራበት ሞያ ግን በጥርሳም መዘውርና በሞላ የሚሠራው ሜካኒካል ሰዓት ነበርና ፋብሪካዎቹ ፈጥነው አልተንቀሳቀሱም። በ1970 በስዊዘርላንድ የሰዓት ሥራ 90 ሺህ ያህል ሰው ነበረ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ30 ሺህ ብዙም የማይበልጥ ሆነ።

አሁን ወደ እጃችን እንመለስ። አምራቹ የሚሰጠው ዋስትና በወር ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይስት ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያ በታች ይስታሉ። ስሕተቱን የሚያመጣው በዋነኝነት ሙቀት ነው። የሹካው ኳርትዝ የሚቆረጠው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ልክ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ከዚያ ወደ ላይም ወጣ ወደ ታችም ወረደ፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል እንጂ አይቀድምም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከ25 የራቀውን ዲግሪ በራሱ አባዙ፣ ውጤቱን በ0.034 አባዙ፤ የሚገኘው ከሚሊዮን ሰከንድ ስንት እንደሚጎድል ነው። 10 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የሚያድር ሰዓት እንግዲህ በየቀኑ የሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ያጣል፤ በወር 20 ሰከንድ። በሪያድ ወይም በዱባይ በጋ መኪና ውስጥ ተረስቶ 65 ዲግሪ የደረሰበት ሰዓት ደግሞ እዚያው ቢከርም በቀን ከ4 ሰከንድ በላይ ይጎድለዋል። መድኃኒቱ እጅ ላይ ማሰር ነው። የሰውነት ሙቀትና የውጭው አየር ተጋግዘው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያቆዩታል፤ ሰዓቱን ሲለብሱት ይታመናል፣ መሳቢያ ውስጥ ሲያስቀምጡት ይሰንፋል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ማያው ዘንድ ስንደርስ ካሮቱን እናገኛለን። በ1888 ፍሪድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ሊቅ ፕራግ ውስጥ ከካሮት ሥር የወጣ ኮሌስትሮል ያጠና ነበር። ከኮሌስትሮሉ የሠራው ውሕድ ሲሞቅ ሁለት ጊዜ የቀለጠ መሰለው፦ በ145.5 ዲግሪ ወደ ደፈረሰ ፈሳሽ ተለወጠ፣ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ጥርት አለ። ግራ ስለ ገባው ለጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ለኦቶ ሌማን ጻፈለት። ሌማን በማይክሮስኮፕ አይቶ ነገሩ እየፈሰሰም እንደ ክሪስታል የተደረደረ መሆኑን አረጋገጠ። ፈሳሽ ክሪስታል የተባለው ይህ ግኝት 80 ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ጥቅም ላይ ሳይውል ቆየ። ዛሬ በሰዓታችን ላይ ያለውን ዓይነት ማያ የፈለሰፉት ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ ናቸው፤ በ1970፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ፣ ሆፍማን-ላ ሮሽ በተባለው የመድኃኒት ድርጅት ቤተ ሙከራ። የስዊዝን ሜካኒካል ሰዓት ገበያ ካሳጡት ነገሮች አንዱ ከስዊዝ መድኃኒት ፋብሪካ ወጣ ማለት ነው።

ከዚህ ማያ በፊት የነበረው ዲጂታል ሰዓት ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ ይጠቅማል። በ1972 የአሜሪካው ሃሚልተን ፐልሳር የተባለውን የመጀመሪያውን ዲጂታል የእጅ ሰዓት በ2,100 ዶላር ሸጠ፤ አካሉ ባለ 18 ካራት ወርቅ ነበር። ቁጥሮቹ በቀይ መብራት ስለሚበሩ ባትሪ ይጨርሱ ነበርና ሰዓቱን ለማየት ቁልፍ መጫን ግድ ነበር። ሁለት እጅ ይይዝ ነበር ማለት ነው። ፈሳሽ ክሪስታል ግን ራሱ አያበራም፤ የውጭውን ብርሃን ይከለክላል ወይም ያሳልፋል እንጂ፤ ለዚህም የሚበቃው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው። የኤፍ-91ደብሊው ባትሪ 7 ዓመት የሚቆየው ስለዚህ ነው። ሒሳቡን እንሥራው፦ በውስጡ ያለው ሲአር2016 የተባለው ባትሪ 90 ሚሊአምፔር-ሰዓት ያህል ይይዛል፣ 7 ዓመት ደግሞ 61 ሺህ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ፣ ማያው፣ ደወሉና መብራቱ ተደምረው በአማካይ የሚበሉት 1.5 ማይክሮአምፔር ነው። አምራቹ 7 ዓመት ሲል ደወሉ በቀን 20 ሰከንድ እንዲጮህና መብራቱ በቀን አንድ ጊዜ እንዲበራ አስቦ ነው። ሕፃን ልጅ መብራቱን ሲጫወትበት የሚውል ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም።

በማያው ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ፖላራይዝድ መነጽር ያደረገ ሰው እጁን በተወሰነ አቅጣጫ ሲያዞር ማያው ጭልም ይልበታል፤ ማያው ራሱ በፖላራይዘር (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) የሚሠራ ስለሆነ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ሌላው፣ ቁጥሮቹ እየደበዘዙ ከሄዱ ወይም መብራቱ ሲበራ ማያው ጥፍት ብሎ ከተመለሰ ባትሪው እያለቀ ነው።

አምራቹ ራሱ ከሰዓት ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። ታዳኦ ካሺዮ በ1946 ቶኪዮ ውስጥ የከፈተው ትንሽ ወርክሾፕ መጀመሪያ ገንዘብ ያገኘው ከሲጋራ ቀለበት ነው፤ ጣት ላይ የሚጠለቅ፣ ሲጋራ የሚሰካበት ቀለበት። ከጦርነቱ በኋላ ሲጋራ ብርቅ ስለ ነበር ሠራተኛው እጁን ሳይፈታ እስከ ጭራሹ እንዲያጨስ ያስችለው ነበር። ከዚያ በተገኘው ትርፍ ታዳኦና ወንድሞቹ የሒሳብ ማሽን መሥራት ጀመሩ፤ በ1957 ያወጡት 14-ኤ የተባለው ማሽን 342 ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ) ነበረው፣ 140 ኪሎ ይመዝን ነበር፣ 485,000 የንም ይሸጥ ነበር። በ1974 የመጀመሪያውን ሰዓታቸውን ካሲዮትሮንን ሲያወጡ ሐሳቡ አጭር ነበር፦ ሰዓት ማለት ሰከንድን እየደመረ የሚሄድ የሒሳብ ማሽን ነው። ኤፍ-91ደብሊውን የነደፈው ሪዩሱኬ ሞሪያይ ሲሆን ለድርጅቱ የሠራው የመጀመሪያ ንድፍ ይኸው ነበር።

የዚህ ሰዓት ታሪክ ከባድ ገጽም አለው፤ ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በኤፕሪል 2011 ምስጢራዊ ሰነዶችን የሚያወጣው ዊኪሊክስ ይፋ ባደረጋቸው፣ ጓንታናሞ የተባለውን የአሜሪካ ወታደራዊ እስር ቤት በሚመለከቱ ሰነዶች ውስጥ ይህን ሰዓት ማሰር የፈንጂ ሥልጠና መውሰድን እንደሚያመለክት ምልክት ተቆጥሮ ተገኘ፤ በብዙ እስረኞች መዝገብም ላይ ሰፍሯል። ምክንያቱ ርካሽ፣ አስተማማኝና በየትም የሚገኝ መሆኑ ነው። ያው ምክንያት ግን ምልክትነቱን ያፈርሰዋል፤ በየትም የሚገኝ ነገር በማንም እጅ ላይ አለና። ከኩዌት የመጣ አንድ እስረኛ በችሎቱ ፊት የተናገረው ይህንኑ ነበር፤ በካምፑ ያሉት አራቱ የእስልምና መምህራንም ይህንኑ ሰዓት ያስራሉ አለ። አንድ ዕቃ በብዛት መሸጡ ማስረጃ ሆኖ ሰውን ሊያሳስር መቻሉ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ወደ አጠቃቀሙ እንግባ፤ አማርኛ አንባቢ በየትኛውም የአምራቹ መመሪያ ውስጥ የማያገኘው ክፍል ይህ ነውና።

በግራ ከላይ ያለው ቁልፍ ላይት፣ በግራ ከታች ሞድ ይባላል፤ በቀኝ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሞድን ሦስት ጊዜ ስንጫን ደወሉንና ሩጫ መለኪያውን አልፈን ማስተካከያው ዘንድ እንደርሳለን፤ ሰከንዱ ብልጭ ድርግም ይላል። ስልካችን ላይ ደቂቃው ሲዞር የቀኙን ስንጫን ሰከንዱ ዜሮ ይሆናል። ተጠንቀቁ፦ ሰከንዱ ከ30 እስከ 59 ባለበት ከተጫንን ደቂቃው በአንድ ይጨምራል። ቀጥሎ ላይትን በተጫንን ቁጥር ወደ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ወር፣ ቀን፣ የሳምንት ቀን እንሻገራለን፤ ቁጥሩን የሚለውጠው የቀኙ ቁልፍ ነው። ሲያልቅ ሞድ።

በኢትዮጵያ ሰዓት መሙላት የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ባለ 12 ሰዓቱን አቆጣጠር መርጦ፣ ቀኑን ያለ ፒኤም (PM) ምልክት፣ ሌሊቱን ከፒኤም ምልክት ጋር ይሙላው። ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን 1:00 ያለ ፒኤም፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን 1:00 ከፒኤም ጋር። እንዲህ ሲደረግ ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ለእኛ አቆጣጠር ይህ ይስማማል። ባለ 24ቱን ከመረጥን ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት 14:00 ሆኖ ይመጣል፤ ማንንም አይጠቅምም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር በረራ ላይ ነው፦ ሌሊት 7 ሰዓት ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን ትኬቱ ላይ የነገው ቀን ተጽፎበታል፤ ሰዓታችን ግን እስኪነጋ ድረስ የትናንቱን ቀን እንደያዘ ነው። ትኬቱን ከሰዓቱ ቀን ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ሊዘገይ ይችላል።

የቀን መቁጠሪያው የአውሮፓውያኑ ብቻ ነው፤ ዓመትም አያውቅም። ፌብሩዋሪን ሁልጊዜ 28 ቀን አድርጎ ስለሚቆጥር በአራት ዓመት አንዴ ፌብሩዋሪ 29 ላይ ወደ ማርች 1 ይዘላል፤ በእጅ መመለስ ነው። የእኛን ቀን ማሳየት የሚፈልግ ሰውም መላ አለው። በመደበኛው ማያ ላይ የሚታዩት የሳምንቱ ቀንና ዕለቱ ብቻ ናቸው፣ ወሩ ተደብቋል። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን ወሩን በ4 (በኤፕሪል)፣ ቀኑን በ1 ሙሉት፤ ኤፕሪል 30 ቀን ስላለው መስከረም በትክክል ያልቅና ጥቅምት 1 ራሱ ይመጣል። ሰዓቱ አሁን ሜይ ላይ ነኝ ብሎ ስለሚያስብ ኅዳር 1 ቀን 31 ያሳያል። ያን ዕለት ወሩን እንደገና 4፣ ቀኑን 1 አድርጉ። እንዲህ እየተባለ ማረሚያው የሚያስፈልገው ኅዳር፣ ጥር፣ መጋቢት፣ ግንቦት፣ ሐምሌ፣ ጳጉሜንና መስከረም 1 ላይ ነው፤ በዓመት 7 ጊዜ። የሳምንቱ ቀን ለብቻው ስለሚሞላ በዚህ ሁሉ አይነካም።

ደወሉ አንድ ብቻ ነው፤ በየቀኑ በሞላነው ሰዓት 20 ሰከንድ ይጮኻል። እንቅልፈ ከባድ የሆነ ሰው አይመካበት፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ከገባ አይሰማም። ሩጫ መለኪያው የሰከንድ መቶኛን ይለካል፣ የሚሄደው ግን 59 ደቂቃ ከ59.99 ሰከንድ ድረስ ነው። ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ሰው ይህ ጉድለት ነው። መብራቱ ከግራ ጥግ የምትበራ አንዲት አረንጓዴ ኤልኢዲ ናት፤ በጨለማ የሰዓቱ አኃዝ ይነበባል፣ በቀኝ በኩል ያለው ሰከንድ ግን እንደ ነገሩ ነው። ከሰዓቱ ሁሉ ደካማው ነገር ይህ መብራት ነው፣ በእነዚህ ሁሉ ዓመታትም ሊሻሻል ይገባ ነበር።

ውሃን በተመለከተ ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ያለ ሜትር ቁጥር ነው። ዝናብና እጅ መታጠብ ችግር የለውም፤ ዋናና ሙቅ ሻወር ግን አይመከርም። ውሃ ውስጥ ቁልፍ መጫን ክልክል ነው። ብዙ ጊዜ ውሃ የሚያስገባው ግን ባትሪ ሲቀየር የሚሠራ ስሕተት ነው።

ባትሪ መቀየር ማንም ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው። ጀርባው ላይ አራት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ ጫፉ መስቀል የሆነ የሰዓት ካቻቢቴ ይፈታቸዋል። ክዳኑን ሲያነሡ በቀስታ፦ ከክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ክብ ስስ ሳህን ተለጥፏል፣ ደወሉ የሚጮኸው እሱ ሲርገበገብ ነው፤ ኩሪዎች ያገኙት ያው ነገር ተገልብጦ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩን ወደ ሳህኑ የምታደርሰው እንደ ክር የቀጠነች ጥምዝምዝ ስፕሪንግ ናት። ይህች ስፕሪንግ ወድቃ ከጠፋች ሰዓቱ ይሠራል፣ ድምፅ ግን አይኖረውም። ባትሪ ካስቀየሩ በኋላ ደወሉ የጠፋባቸው ሰዎች መጀመሪያ መጠርጠር ያለባቸው እሷን ነው። ባትሪው ሲአር2016 መሆን አለበት፤ 20 ስፋቱ በሚሊሜትር፣ 16 ደግሞ ውፍረቱ 1.6 ሚሊሜትር መሆኑን ይነግራል። ሲአር2025 እና ሲአር2032 ስፋታቸው አንድ ስለሆነ ሻጩ ይሆናል ሊል ይችላል፤ ወፍራም ስለሆኑ ግን ክዳኑ በትክክል አይገጥምም፣ ማያያዣውንም ያጣምማሉ። አዲሱን ካስገቡ በኋላ ማያው የተዘበራረቀ ነገር ካሳየ፣ ኤሲ ተብሎ የተጻፈበትን ነጥብና የባትሪውን ላይኛ ፊት በብረት ወረንጦ ለ2 ሰከንድ ያህል ማገናኘት ነው፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ቀጭኑ ጥቁር ጎሚኒ ቦታው ላይ ሳይጠማዘዝ መቀመጡን አይቶ፣ ብሎኖቹን በሰያፍ እያቀያየሩ ማጥበቅ። ጎሚኒው ላይ ፀጉር ወይም አቧራ ካለ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

ማሰሪያው ጎማ መሰል ፕላስቲክ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላብና ፀሐይ ያደርቁታል፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሁልጊዜ የሚታሰርበት ቀዳዳ ላይ ነው። ምትክ ይሸጣል።

ፎርጅዱን ለመለየት ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሚያደርገው አንድ ፈተና አለ። መደበኛው ሰዓት እየታየ የቀኙን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፤ ኦሪጅናሉ ቁጥሩን አጥፍቶ የአምራቹን ስም ያወጣል። ቁልፉ አቆጣጠሩን ከ12 ወደ 24 ስለሚቀይረው አንዴ ደግሞ በመጫን መመለስ ነው። ስሙ ካልወጣ ጥርጥር የለውም፣ ፎርጅድ ነው። ቢወጣም ግን በዚያ ብቻ አይረኩም፦ ጀርባው ብረት ላይ 593 የሚል የሞዱል (የውስጥ ማሽኑ ዓይነት) ቁጥር ተቀርጾ ሊታይ ይገባል፣ ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ያልተንሻፈፈና ጥርት ያለ፣ ቁልፎቹም ሲጫኑ የማይወላውሉ መሆን አለባቸው። የፎርጅዱ ዋና ችግር መልኩ አይደለም። ውስጡ ያለው ኳርትዝ ያልተመረጠ ስለሆነ በወር ደቂቃዎች ሊስት ይችላል፤ ክዳኑም በደንብ ስለማይዘጋ ላብ ብቻ ያበላሸዋል።

የብረት ማሰሪያ የሚወድ ሰው ኤ158ደብሊውን ይውሰድ፤ ውስጡ ያው 593 ሞዱል ነው፣ ከላይ የተባለው አሞላልም ሳይለወጥ ይሠራበታል፤ ፀጉር የመያዝ ጠባይ እንዳለው ግን ይታወቅ። ለሚዋኝ ሰውና የኢትዮጵያንና የሚኖርበትን አገር ሰዓት አንድ ላይ ለሚፈልግ ደግሞ የዚያው ድርጅት ደብሊው-800ኤች ይሻላል፦ 100 ሜትር ድረስ ውሃ ይችላል፣ ባትሪው 10 ዓመት ይቆያል፣ ፌብሩዋሪ 29ንም ያውቃል፣ ሁለተኛ ሰዓት የሚሞላበት ቦታም አለው። ከኤፍ-91ደብሊው ወፈር ይላል፤ እጁ ቀጭን ለሆነ ሰውና ሸሚዝ እጀ-ጠባብ ለሚለብስ ያስቸግራል።